«የእጁን ነው ያገኘው»፦ ጨለም ያሉ አጫጭር ልብወለዶች ውስጥ ተበዳዩ ማነው?

የውጭ አጫጭር ልብወለዶችን በአማርኛ መተረክ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በሬዲዮ ትረካ ያደገች ከተማ ናት፤ የወጋየሁ ንጋቱን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሳይሰማ ያደገ የከተማ ሰው አንድ ሰሞን ብርቅ ነበር። አዲሱ ነገር ከትረካው ሥር የሚጻፈው አስተያየት ነው። በቴሌግራምና በዩቲዩብ የሚለቀቁ ጨለም ያሉ ታሪኮችን አዳምጦ ወደ አስተያየቶቹ የወረደ ሰው ተመሳሳይ ፍርድ ያገኛል። «የእጁን ነው ያገኘው።» «ይበላት፣ ማን ተንጠራሪ አላት?» «ዋጋውን ሰጠችው!» ክርክሩ ከስልክ ወጥቶ አራት ኪሎና ፒያሳ ካፌዎች ውስጥ ይቀጥላል፣ ወመዘክር አዳራሽ ከሚደረጉ የመጽሐፍ ውይይቶች በኋላም ደጅ ላይ ቆመው የሚጨርሱት አሉ። እዚያም ጥያቄው ያው ነው፤ የሞተው ሰው ምን አጥፍቶ ነው?

ጥያቄው ትክክለኛ ይመስላል። ችግሩ፣ ከእነዚህ ድርሰቶች ውስጥ ምርጦቹ የተሠሩት ይሄንኑ ጥያቄ እንድንጠይቅ፣ ከዚያም መልስ እንድናጣ መሆኑ ነው። መልስ ስናጣ ከራሳችን እንሞላለን። የሞላነውን ደግሞ ደራሲው የጻፈው ይመስለናል።

ታሪኮቹን ያላነበበ ሰው ይቅርታ ያድርግልኝ፣ መጨረሻቸውን ሳይናገሩ ስለነሱ ማውራት አይቻልም። የድርሰቶቹ ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምጸት ምንድን ነው፣ ምንስ አይደለም?

አይሮኒ፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ምጸት የሚባለው፣ በተባለውና በሆነው መካከል ያለ ክፍተት ነው። አንድ ሰው «ዕድሜ ይስጥህ» እያለ ገመድ የሚያዘጋጅ ከሆነ የቃል ምጸት ነው። አንባቢው የሚያውቀውን ባለታሪኩ ካላወቀ ድራማዊ ምጸት ይሉታል። የተጠበቀው ቀርቶ ግልባጩ ሲሆን ደግሞ የሁኔታ ምጸት። በቃ ይሄ ነው። ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ «ይገባዋል» የሚል ነገር የለም።

እኛ ጋ ግን ሁለቱ ይምታታሉ። ያደግንበት ተረትና ምሳሌ ግልባጩን አብዛኛውን ጊዜ ለቅጣት ነው የሚጠቀምበት። «ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማሰው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» ስንል፣ አይታወቅም እንበል እንጂ ማሹ ራሱ እንደሚገባበት እርግጠኞች ነን። በዚህ ጆሮ ነው የአሜሪካዊውን ደራሲ የኤድጋር አለን ፖንና የመሰሎቹን ታሪክ የምንሰማው። እዚያ ግን ጉድጓድ የሚምሱት አይገቡበትም። አንዱ ሰው ቀብሮ ሃምሳ ዓመት ይኖራል። አንዷ ገድላ ስትስቅ ታሪኩ ያልቃል። አንድ መንደር ሙሉ ሰው ድንጋይ ወርውሮ ለምሳ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ግልባጩ የወደቀው በተገደለው ላይ ብቻ ነው። ይሄን እንደ ቅጣት ካነበብነው ቀጪው ማን ሊሆን ነው? ገዳዩ ነዋ!

የጥፋቱ ቦታ ባዶ ነው

ኤድጋር አለን ፖ በ1846 ያሳተመው «የአሞንቲያዶው በርሜል» በአንድ ቅሬታ ይጀምራል። ተራኪው ሞንትሬዞር የፎርቱናቶን አንድ ሺህ በደል እንደቻለ፣ ስድብ ሲጨመርበት ግን ሊበቀል እንደማለ ይነግረናል። አንድ ሺህ! ከአንድ ሺሁ አንዱን ግን አይጠቅስም። ስድቡንም አይነግረንም። ታሪኩ እስኪያልቅ ፎርቱናቶ ምን እንዳደረገ አናውቅም። የምናውቀው በካርኒቫል ሰሞን ሰክሮ፣ ቃጭል የተንጠለጠለበት የአጫዋች ቆብ ደፍቶ፣ ወዳጁን በማግኘቱ ደስ ብሎት እንደነበር ነው። ሞንትሬዞር አሞንቲያዶ የሚባል የስፔን ወይን ጠጅ ገዝቼ ነበር፣ ትክክለኛው መሆኑን ግን ተጠራጥሬያለሁ፣ ሌላ ወይን አዋቂ ልጠይቅ ነው ይለዋል። ፎርቱናቶ በወይን እውቀቱ ስለሚመካ እኔ እያለሁ እንዴት ሌላ ትጠይቃለህ ብሎ ይከተለዋል። የሞንትሬዞር ዘመዶች አጽም ወዳረፈበት ምድር ቤት ይወርዳሉ። እዚያ ግድግዳ ጋ በሰንሰለት ታስሮ በድንጋይ ይገነባበታል።

በመንገድ ላይ የሚባባሉት ነገር የቃል ምጸት ማስተማሪያ ሆኖ ቀርቷል። ፎርቱናቶ ክፉኛ እያሳለው «ሳል አይገድለኝም» ይላል፤ ሞንትሬዞር «እውነት ነው» ይለዋል። ፎርቱናቶ በዙሪያቸው ላረፉት ሙታን ጽዋውን ያነሳል፤ ሞንትሬዞር ደግሞ ለሱ ረጅም ዕድሜ። ከካባው ሥር የግንበኛ ማንኪያ አውጥቶ ሲያሳየው እንኳ ፎርቱናቶ ቀልድ ይመስለዋል። ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ይሄን ሁሉ ቶሎ ይይዛል፣ ይደሰትበታልም። ደስታው ግን ዋጋ አለው። ወርቁን ባገኘን ቁጥር ከተናጋሪው ጋር ሆነን በማያውቀው ሰው ላይ ስቀናል። ታሪኩ ሲያልቅ ፎርቱናቶ ሞኝ፣ ሞንትሬዞር ብልህ ሆነው የሚታዩን ማስረጃ ቀርቦልን አይደለም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ከሞንትሬዞር ጎን ተቀምጠን ስለሰማን ነው። በተለይ በድምፅ ሲተረክ ይሄ ይብሳል። ጥሩ ተራኪ «እኔ» ሲል በመካከላችን ያለው ርቀት ይጠፋል። ነገር ግን ጆሯችን ላይ እየመሰከረ ያለው ገዳዩ ነው። የሟችን ቃል የሚነግረን ሌላ ሰው የለም።

ሮአልድ ዳል በ1953 ባሳተመው «በግ ለእርድ» ያንኑ ባዶ ቦታ ከሌላ አቅጣጫ ነው የሚሠራበት። የስድስት ወር ነፍሰ ጡሯ ሜሪ ማሎኒ ፖሊስ ባሏን ፓትሪክን በበረዶ በደረቀ የበግ እግር መትታ ትገድለዋለች። ከዚያ የበጉን እግር ትጠብስና ለምርመራ የመጡትን የባሏን ባልደረቦች ታበላቸዋለች። እነሱም እየበሉ መሣሪያው አፍንጫችን ሥር ሊሆን ይችላል ይባባላሉ፤ እሷ ሌላ ክፍል ሆና ትስቃለች። ማንም አንባቢ እዚህ ጋ አለመሳቅ ይከብደዋል፣ እኔም እስቃለሁ። ግን ፓትሪክ ከመሞቱ በፊት ምን አላት? ዳል ነገራት ይላል፣ ቢበዛ አራት አምስት ደቂቃ ፈጀ ይላል፣ ንግግሩን ግን ይዘለዋል። ገንዘብ እሰጥሻለሁ፣ ችግር እንዳይደርስብሽ አደርጋለሁ፣ ብቻ ግርግር አይፈጠር፣ ለሥራዬ ጥሩ አይደለም፤ የምንሰማው ይሄን ያህል ነው። ሊተዋት እንደሆነ መገመት ይቻላል። ታሪኩን አሳጥረው የሚነግሩ ሰዎች ግን «ሌላ ሴት ወድዶ» ይሉና ያልፋሉ። ድርሰቱ ላይ ሌላ ሴት የለችም። ያቺን ሴት የፈጠራት የኛ ፍላጎት ነው። ምክንያቱም እሷ ከሌለች ሳቃችን ትንሽ ይቀፋል።

ባልየውንስ ማን አስታወሰው?

የጊ ደ ሞፓሳ «ሐብሉ» (1884) ላይ ደም የለም፣ ስለዚህ በአጭሩ ልለፈው። ማቲልድ ለአንድ ምሽት ድግስ ከጓደኛዋ ሐብል ትዋሳለች፣ ትጥለዋለች፣ እሷና ባሏ በ36,000 ፍራንክ ሌላ ገዝተው ይመልሳሉ፣ ዕዳውን ሲከፍሉ 10 ዓመት ያልቃል። በመጨረሻ የጠፋው ሐብል አርቲፊሻል እንደነበረ፣ ቢበዛ 500 ፍራንክ እንደሚያወጣ ይታወቃል። ፍርዱ የታወቀ ነው፤ ጉረኛ ነበረች፣ ተቀጣች። እሺ፣ ይሁን። ባሏ ለቀሚሷ የሰጣት 400 ፍራንክ ጠመንጃ ገዝቶ ከጓደኞቹ ጋር ለማደን የቆጠበው ነበር። ከአባቱ የወረሰውን 18,000 ፍራንክ በሙሉ ለዕዳው አውጥቷል። ሌሊት ሌሊት ለሰው እየገለበጠ ይጽፍ ነበር። ይሄ ሰውዬ የተቀጣው ለየትኛው ጉራ ነው? ምጸቱን ቅጣት ነው ካልን ባልየውን ከታሪኩ ማውጣት ሊኖርብን ነው።

ዕጣው ንጹሕ ነበር

የሸርሊ ጃክሰን «ሎተሪው» ኒውዮርከር መጽሔት ላይ የወጣው በጁን 26 ቀን 1948 ነው። ታሪኩ ውስጥ ያለው ቀን ጁን 27 ነው፤ መጽሔቱ ላይ ከሰፈረው ቀን አንድ ቀን ብቻ ይርቃል። ወደ 300 ሰው ያለበት መንደር አደባባይ ላይ ተሰብስቧል። ልጆች ድንጋይ ይሰበስባሉ፣ ወንዶች ስለ እርሻና ግብር ያወራሉ። ቴሲ ሃቺንሰን የምትባል የቤት እመቤት ቀኑን ረስታ ዘግይታ ትመጣለች። ዕቃ ሳላጥብ ልምጣ እንዴ ብላ ታስቃቸዋለች። ከጥቁሩ ሳጥን መጀመሪያ በየቤተሰቡ፣ ከዚያ ዕጣው በወጣበት ቤተሰብ ውስጥ በየግለሰቡ ወረቀት ይወጣል። ጥቁር ነጥብ ያለበት ለቴሲ ይደርሳታል። በድንጋይ ወግረው ይገድሏታል።

አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ዕጣ ሌላ ጣዕም አለው። ዕጣ ዕቁብ ነው፣ ፒያሳ ላይ የሎተሪ አዟሪው ጥሪ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ነው። በኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2014 የወጣው የቤት ዕጣ መረጃው ውስጥ ለዕጣው የማይበቁ ሰዎች ገብተዋል ተብሎ ሲሰረዝ ከተማው ምን ያህል እንዳወራበት የሚረሳ የለም። ያኔ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፤ ዕጣው ንጹሕ ነው ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው። የጃክሰን ጭካኔ የሚገባው ግን ይሄንኑ ጥያቄ ይዞ ላነበባት ሰው ነው። ምክንያቱም የሷ ዕጣ ፍጹም ንጹሕ ነው። ማንም አላጭበረበረም። ስም ዝርዝሩ ተነቧል፣ ሁሉም በተራው አውጥቷል፣ አዘጋጁ ሰመርስ ደግሞ ጨዋ ሰው ነው። ቴሲ ለባሌ በቂ ጊዜ አልሰጣችሁትም ብላ ስትጮህ ጎረቤቷ ሁላችንም እኩል ዕድል ነው የወሰድነው ትላታለች። እውነቷን ነው! አሠራሩ ትክክል ከሆነ የሚሠራው ነገርም ትክክል ይመስላቸዋል።

ቴሲስ? እሷም ልማዱን አልተቃወመችም። ስትመጣ ስቃለች፣ ባሏን ሂድ አውጣ ብላ ገፋፍታዋለች። ዕጣው ቤቷ ሲደርስ ያገባች ልጇና የልጇ ባልም ከኛ ጋር ተቆጥረው ዕድላቸውን ይሞክሩ ብላ ጠይቃለች፤ ልጇን ወደ ድንጋዩ ልታቀርብ ማለት ነው። ብዙ አንባቢ እዚህ ጋ ይጨክንባታል፣ ይገባታልም ይላል። ልብ በሉ ግን፣ ይሄ ክስ በመንደሩ ላለ ሰው ሁሉ ይሠራል። ትልቁን ድንጋይ በሁለት እጇ ያነሳችው ጥቂት ቀደም ብሎ አብራት ስትስቅ የነበረችው ጎረቤቷ ናት። ለቴሲ ትንሽ ልጅ ለዴቪም የሚወረውራቸው ጠጠሮች ሰጥተውታል። ሁሉም ጥፋተኛ በሆነበት ቦታ አንዷን ለይቶ ጥፋቷ ነው የገደላት ማለት አይቻልም፤ የገደላት ወረቀት ነው።

የኛ ተረት ይሄን ነገር ያውቀዋል። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ዝናብ የጠፋው በማን ኃጢአት ነው ብለው ይቀመጣሉ። አንበሳው በሬ በላሁ ሲል ይሄ ኃጢአት አይደለም ይሉታል። ነብሩና ጅቡም የበሉትን ይናዘዛሉ፣ እነሱም ነጻ ይወጣሉ። አህያ ጌታዋ ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር ነጨሁ ትላለች። አገኘነው፣ ያጠፋን ይሄ ነው ብለው ይበሏታል። ተረቱን ሰምቶ «ማን ሣር ንጪ አላት» የሚል ልጅ እስካሁን አልተገኘም። ተረት ላይ የሚገባንን ነገር ልብወለድ ላይ የምንስተው ለምን ይሆን? አንዱ ምክንያት ተረቱ አንበሳውን ቀድሞ ስላሳየን ይመስለኛል። ጃክሰን ግን አንበሶቹን ስለ ግብር የሚያወሩ ሰላማዊ ጎረቤቶች አድርጋ ነው ያቀረበችልን።

ሕፃኑን ማን ገደለው?

ከሁሉም የሚከብደው የአንቶን ቼኾቭ ነው። በ1888 የወጣው «እንቅልፍ» ላይ ቫርካ የ13 ዓመት ሞግዚት ናት፤ አሠሪዋ ጫማ ሠሪ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የጌቶቿን ሕፃን ታወዛውዛለች። ቀን ምድጃ አያይዢ፣ ሳሞቫር ጣዪ፣ ደረጃ እጠቢ፣ ቢራ ግዢ ይሏታል። ሲመሽ እንደገና ወደ ሕፃኑ። በእንቅልፍና በንቃት መካከል የሞተው አባቷ ይታያታል። በመጨረሻ እንዳትኖር የሚከለክላትን ጠላት ያገኘች ይመስላታል፤ ሕፃኑ ነው። ታንቀውና ወለሉ ላይ ተጋድማ፣ አሁን መተኛት በመቻሏ በደስታ እየሳቀች፣ እንደ ሙት ትተኛለች።

የምጸቱን አሠራር እዩት። እሹሩሩው እንቅልፍ የሚያመጣው ለማይፈቀድላት ልጅ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይተኛል፣ ጌታው ከግድግዳው ወዲያ ያንኮራፋል፣ የማትተኛው ሌላውን አስተኚ የተባለችው ብቻ ናት። ከገጠር የመጣች፣ ገና ልጅ የሆነች፣ ሌላ ልጅ አዝላ የምትውል ሠራተኛ ያለበት ሰፈር ለሚያውቅ የአዲስ አበባ አንባቢ ይሄ የሩሲያ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ክርክሩም እዚህ ላይ ይጋጋላል። ጨካኝ ልጅ ናት የሚል አለ፣ ምን ታድርግ የሚልም አለ። ሁለቱም አንድ ተበዳይ ብቻ እንዲኖር ይፈልጋሉ። ቼኾቭ ሁለት ነው ያስቀመጠው። ሕፃኑ ምንም አላጠፋም፣ ቫርካም በራሷ ፈቃድ የመረጠችው ነገር የለም። ከሁለቱ ሌላ ያሉት ጥንዶች ደግሞ ተኝተዋል፤ ታሪኩ ሲያልቅ አልነቁም፣ የነሱን ድርሻ የሚጠይቃቸውም የለም።

ሌላው ወገን ምን ይላል?

«የእጁን አገኘ» የሚለው ንባብ ባዶ አይደለም። ጠንካራው መከራከሪያው ፎርቱናቶ በራሱ ትምክህት መጥፋቱ ነው። ባይመካ ኖሮ አይወርድም ነበር። እውነት ነው፣ ግን ይሄ ገዳዩ በምን እንደያዘው ነው የሚነግረን፤ ለምን እንደገደለው አይነግረንም። ሌባ ስልክህን የቀማህ ፒያሳ ላይ እያወራህ ስትሄድ ስለሆነ ማውራትህ ወንጀል አይሆንም። ማቲልድም ላይ ይሄው ነው። ጉራዋ በሩን ከፈተ፣ አሥሩን ዓመት ግን ጉራ ብቻ አላመጣውም።

ሁለተኛው ሐሳብ ሞንትሬዞር ተጸጽቷል የሚል ነው። ታሪኩን የሚናገረው ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ የነፍሱን ጠባይ በደንብ ለሚያውቅ ሰው ነው። ይሄ ሰው የንስሐ አባቱ ሊሆን ይችላል የሚሉ ሐያስያን አሉ። መጨረሻ ላይ ልቡ እንደታመመበት ይናገራል፣ ወዲያው ደግሞ ከምድር ቤቱ እርጥበት ነው ብሎ ይሸፍነዋል። ይሄ ንባብ ይስበኛል። ከተቀበልነው ደግሞ «ይበለው» የሚለው አስተያየት የባሰ ይከብዳል፤ ገዳዩ ራሱ እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር እኛ እርግጠኞች ልንሆንለት ነው።

ሦስተኛው ወገን እንዲህ ያለ ታሪክ ሰውን ያደነድናል፣ ባይተረክ ይሻላል ይላል። ጃክሰን በዚያ ክረምት ከደረሷት ከ300 በላይ ደብዳቤዎች በደግ ቃል የተጻፉት 13 ብቻ እንደነበሩ፣ እነሱም በአብዛኛው የጓደኞቿ እንደነበሩ ተናግራለች። ሎተሪው የት እንደሚካሄድና ሄዶ ማየት ይቻል እንደሆነ የጠየቁም ነበሩ! ስለዚህ ስጋቱ ከምድር አልተነሳም። ግን ለማየት የፈለጉት ሰዎች ፍላጎቱን ከታሪኩ አልተማሩትም፤ ታሪኩ ገለጠባቸው እንጂ። ባይታተም ኖሮ እነዚያ ደብዳቤዎች ባይጻፉም ሰዎቹ ነበሩ።

አስተያየቱ ከልብወለድ ሲወጣ

ነገሩ ልብወለድ ላይ ቢቀር አንድ ነገር ነበር። ሴት ተጎድታ ወይም ተገድላ ዜናው ሲሰማ ከሚመጡት የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ምን አድርጋው ነው?» የሚል ነው። ከትረካው ሥር ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ዜናው ባዶ የተወውን ቦታ የሚሞላ ሰው አይጠፋም፤ ወሬው አራት ኪሎ ሳይደርስ ሟቿ ሌላ ሰው ነበራት ይባላል። ልብወለድ ይሄን ልማድ ፈጠረ ማለቴ አይደለም፣ ልማዱ ከትረካ ቻናሎቹ በፊትም ነበረ። ግን አሥር ደቂቃ በሚፈጅ ታሪክ ላይ፣ ማንም በማይጎዳበት ቦታ፣ ልማዱን ከሥራው ላይ መያዝ ይቻላል። ባዶውን ቦታ ማን እንደተወው፣ ማን እንደሞላው መለየት ይቻላል።

ለዚህ ግን ባዶው ቦታ መኖር አለበት። ትረካ የሚያዘጋጁ፣ የሚያሳጥሩና የሚተረጉሙ ሰዎች ክፍተቱን ለአድማጭ እንዲመች ብለው ሲደፍኑት፣ «ሌላ ሴት ወድዶ» ብለው አንድ ሐረግ ሲጨምሩ፣ ታሪኩን ወደ ተራ የበቀል ወሬ ይቀይሩታል። ዳል አምስቱን ደቂቃ የዘለላቸው ጽፎ መጨረስ አቅቶት አይደለም። በአማርኛም ይዘለሉ። አድማጩ «ምን ብሏት ነው?» ብሎ ከጠየቀ ታሪኩ ሠርቷል ማለት ነው፤ መልሱን ከሥር የሚጽፍለት ሰው መቼም አይጠፋም፣ ያ መልስ የአስተያየት ሰጪው የራሱ መሆኑ ግን ቢያንስ በግልጽ ይታያል።